የአየር ላይ ስም

እኛ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው። ዜና ግን በየቀኑ አለ። የሚያነበው ከኛ ብሎክ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ልጅ ነው። ደረጃው ጥሩ አድርጎ ስለሚያስተጋባ እዚያ ይቆማል። "ሰዓቱ ከማለዳው አንድ ሰዓት ሆኗል" ሲል ከታች ጀሪካን ያነገተች ጎረቤት "ውይ፣ ረፈደብኝ!" ብላ ትሮጣለች። የምር ድምፅ አለው። በዚያ ድምፁ "ውኃ መጥቷል" ቢል ባዶ ቧንቧ የሚከፍት ሰው አይጠፋም።

አካባቢው ለሬዲዮ ባዳ አይደለም። በ1927 ዓ.ም. የሀገሪቱ ሬዲዮ ጣቢያ የተመረቀው ከኛ ቁልቁል፣ አቃቂ ላይ ነው። ምናልባት ልጁን የመታው የዚያ ነፋስ ይሆናል።

ስሙን አልጽፈውም። በስሙ ምክንያት ያየው ይበቃዋል። የኦሮምኛ ስም ነው። ሁለት ፊደል ነው። ትርጉሙ ብርሃን ማለት ነው። የገባው ገባው።

ባለፈው ዓመት አንድ የአየር ሰዓት ገዝቶ ፕሮግራም የሚሠራ አዘጋጅ ድምፁን ሰምቶ ወደደው። እዚህ አገር ሰው ከወደደህ በኋላ የሚመጣው ቃል "ግን" ነው።

"ድምፅህ አንደኛ ነው። ግን ስምህ... እንዴት ልበልህ... ማይክ ላይ አይቀመጥም። አድማጭ ይከብደዋል። ቀለል ያለ ነገር ፈልግ።"

ሁለት ፊደል ማንን እንደሚከብድ እስካሁን አልገባኝም። የአዘጋጁ ስም ራሱ ከነአባቱ ዐሥራ አንድ ፊደል ነው። ቆጥሬዋለሁ።

ሰፈራችን እንዲህ ያለ ጉዳይ ሰምቶ ዝም አይልም። ቅዳሜ ከሰዓት እኛ ቤት ቡና ተፈላና ስም የማውጣት ጉባኤ ሆነ። ልጁ ጥግ ተቀምጦ ፈንዲሻ አንድ አንድ እያነሳ ይበላል።

የእድራችን ሊቀመንበር ታሪክ ይወዳሉ። "ምን አስጨነቀህ?" አሉት። "ካሳ በ1847 ዘውድ ሲጭን ቴዎድሮስ ተባለ። ተፈሪ በ1923 ኃይለ ሥላሴ ተባለ። ትልቅ ሥራ የያዘ ሰው ስም ይቀይራል።"

"ጋሼ፣ እኔ የምይዘው እኮ የትራፊክ መረጃ ነው" አላቸው በትሕትና።

እኔም የማውቀውን ጣል አደረግኩ። ሲኤንኤን ላይ 25 ዓመት እንግዳ ሲጠይቅ የኖረው ላሪ ኪንግ የቤተሰቡ ስም ዛይገር ነበር፤ የአይሁድ ስደተኞች ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ማያሚ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አየር ላይ ሊወጣ ደቂቃዎች ሲቀሩት አለቃው "ይህ ስም አይሆንም፤ ሰው አይዘውም፣ ዘርህንም ያሳብቃል" አለው። ላሪ ራሱ ደጋግሞ እንዳወራው አለቃው ፊት ጋዜጣ ተዘርግቶ ነበር። ጋዜጣው ላይ የአንድ መጠጥ አከፋፋይ ማስታወቂያ አለ። የአከፋፋዩ ስም ኪንግ ነው። በቃ፣ ልጁ ዛይገር ሆኖ ገብቶ ንጉሥ ሆኖ ወጣ።

"እኛ ጋ ቢሆንስ?" አለች ባለቤቴ። ሁላችንም የደረጃችንን ግድግዳ አሰብን። "ዲሽ እንሠራለን" የሚል አለ። ከሥሩ "ያገለገለ ፍሪጅ እንገዛለን" የሚል አለ።

"እንደምን አደራችሁ አድማጮቻችን፤ ያገለገለ ፍሪጅ ነኝ!"

ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። እውነቱን ለመናገር "ያገለገለ" የሰው ስም ይመስላል። ያስቸገረን የአባቱ ስም ነው።

በዚህ መሀል አራተኛ ክፍል ያለችው ልጄ "ደራርቱ ቱሉስ?" አለች።

ዝም አልን። ደራርቱ በ1984 ባርሴሎና ላይ 25ቱን ዙር ጨርሳ ወርቅ ስትወስድ የዓለም ጋዜጠኛ ስሟን ወዶ ሳይሆን ተገዶ ለመደው። ቱሉ ደግሞ ኮረብታ ማለት ነው፤ የሰፈራችን ቱሉ ያው እሱ ነው። የታክሲ ረዳት ቀኑን ሙሉ "ቱሉ ዲምቱ! ቱሉ ዲምቱ!" ሲል ይውላል። ከበደኝ ብሎ በሌላ ስም የጠራ ረዳት አላጋጠመኝም። እንደውም የሚከብደው መልስ መስጠት ነው።

ሊቀመንበሩ "እሷማ ሮጣ ነው" ብለው ጉዳዩን ዘጉት።

በሦስተኛው ቡና "ብርሃኑ" የሚለው አለፈ። ትርጉሙ ያው ስለሆነ ትልቅ ዕርቅ ያወረድን መሰለን። አንድ ሙሉ ሰው ወደ አማርኛ ተርጉመን ስኒያችንን አስቀመጥን። (ስለ መተርጎም ከተነሳ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የመለሱት ኦኔሲሞስ ነሲብ የልጅነት ስማቸው ሂካ ነበር። ሂካ ማለት ተርጓሚ ነው። ለሥራቸው በልክ የተሰፋውን ስም አስወልቀው ነው ኦኔሲሞስ ያሏቸው።)

ብርሃኑ ሥራ ጀመረ። ለእናቱ ግን አልነገራቸውም። ስሙን ያወጡት አያቱ ናቸው፤ ምን ብሎ ይንገራቸው? እናቱ ሰበታ ናቸው፤ ሬዲዮ ከቤታቸው አይጠፋም። አንድ ቀን ደወሉለት።

"ይሄ ጠዋት ጠዋት መንገድ የሚያወራው ብርሃኑ የሚሉት ልጅ ድምፁ ቁርጥ ያንተ ነው። እሱ ግን ይኸው ሥራ ይዟል። አንተም ብትሞክር ምናለበት?"

"እሺ እማዬ፣ እሞክራለሁ" አለ።

ወር ሞላና ቼክ ተጻፈለት፤ በብርሃኑ ስም። ይዞ ባንክ ሄደ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ቼኩን አየች፣ መታወቂያውን አየች፣ እሱን አየች።

"ብርሃኑ የታለ?"

"እኔ ነኝ። ሬዲዮ ላይ።"

"እዚህ ደግሞ ባንክ ነው።"

ላብ ሲያጠምቀው በዚያው ወፍራም ድምፁ "ከሳሪስ አቦ ወደ ቃሊቲ የምትጓዙ አሽከርካሪዎች" ብሎ ጀመረላት። ወረፋ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ዞረ። "ኧረ ብርሃኑ ነው!" አሉ አንድ አዛውንት። ልጅቷም ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ ቼኩን መለሰችለት። ስም በሕግ ይቀየር ከተባለ ፍርድ ቤት አለ፤ ለማመልከቻ ጸሐፊ መክፈል አለ፤ የሚከፈለው ደግሞ ቼኩ ውስጥ ነው ያለው።

ገንዘቡን ሲቀበል ሦስት ሳምንት አልፎ ነበር።

በቀደም በኦሮምኛ ፕሮግራም የሚጀምር አንድ ጣቢያ ሰው ይፈልጋል ሲባል ሰማና ሄደ። ጥሩ ኦሮምኛ አለው፤ አያቱ ጋ ነው ያደገው። ድምፁን ሰጠ፣ ወደዱት። ከመስታወቱ ማዶ ያለው ሰው ጆሮው ላይ የሰካውን አወለቀ።

"የአየር ላይ ስምህ ማነው?"

"ብርሃኑ።"

"እ... ድምፅህ አንደኛ ነው። ግን ስምህ... እንዴት ልበልህ... የኛን አድማጭ ይከብደዋል። ሌላ የለህም?"

ልጁ ትንሽ አሰበና ሁለቱን ፊደል ነገረው።

ሰውየው ብድግ አለ። "ይሄ ነው ስም! አጭር፣ ግልጽ፣ ማይክ ላይ ቁጭ የሚል! ማን አወጣልህ?"

"አያቴ።"

"ሚዲያ ላይ ይሠሩ ነበር?"

"አይ፣ ጤፍ ያርሱ ነበር።"