ዝዩ ገፈርሳ፣ አውሮፕላኗ ቆቃ

ባለፈው እሑድ ከእህቴ ልጅ ጋር ቡራዩን አልፈን ገፈርሳ ግድብ ዳር ቁጭ ብለን ነበር። ሁለት ዝዮች ዝቅ ብለው መጡና እግራቸውን ወደ ፊት ዘርግተው ውሃውን እየሰነጠቁ አረፉ። ልጁ ወዲያው ስልኩን አወጣና ቪዲዮ ከፈተልኝ። "ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ!"

ሁለት ሰው የምትይዝ ትንሽ አውሮፕላን ናት። ሐይቅ ላይ በሆዷ አረፈች። ከዚያ ጎማዋን አውጥታ በራሷ ጉልበት ወደ ዳር ወጣች። ክንፎቿን አጣጥፈው ተጎታች ላይ ጫኗትና በመኪና ይዘዋት ሄዱ።

አይኮን ኤ5 ትባላለች። የአሜሪካ ሥራ ናት። ሞተሯ 100 የፈረስ ጉልበት ያለው ሮታክስ ነው። ለመዝናናት ለሚያበሩ ሰዎች ተብሎ የተለየ "ቀላል ስፖርት" የሚባል ምድብ አለ፤ እሷም ከዚያ ናት። አሜሪካ ይህን ምድብ በሕግ ያቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ለስፖርት አብራሪነት ፈቃድ ትንሹ ሥልጠና 20 የበረራ ሰዓት ነው። ለተለመደው የግል አብራሪ ፈቃድ 40 ይጠየቃል።

"እኛ አገርስ ይቻላል?" አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ ሳስብበት ከረምኩ። ይቻላል፤ ሊኖረንም ይገባል። ገፈርሳ ላይ ግን አይሆንም።

ገፈርሳ የምንጠጣው ውሃ ነው። ለገዳዲም እንደዚያው። ቤንዚንና ዘይት የያዘ ነገር እዚያ ውሃ ላይ አያርፍም፣ አለቀ። ባለ ሰማያዊ ክንፉ ዝይም ከኢትዮጵያ ውጭ የለም፤ ገፈርሳ ደግሞ ቤቱ ነው።

ሌላው ከፍታው ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ገፈርሳ ከዚያም ይበልጣል። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ፣ ማለትም አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው የ100 ፈረስ ሞተር እዚህ ከ75 ብዙም አይዘልም። ክንፉም የሚደገፍበት አየር ይሳሳበታል። ሙቀቱ 24 ዲግሪ በደረሰ ቀን ደግሞ ቦሌ ያለ አውሮፕላን 3,200 ሜትር ላይ እንዳለ ያህል ይሆናል። ውሃ እንደ አስፋልት በቀላሉ አይለቅም፤ ሆዷን ይዞ ያስቀራታል። ስለዚህ ለእኛ የሚሆነው ቱርቦ ያለው ሞተር ነው። ሮታክስ ራሱ 141 ፈረስ ያለው ይሠራል።

ሰው ቢሾፍቱን ቶሎ ይጠራል። ውብ ነው፣ ቅርብም ነው። ሐይቆቹ ግን ጥንት እሳተ ገሞራ የቆፈራቸው ጉድጓዶች ናቸው፤ ዙሪያቸው ገደል ነው። በደከመ ሞተር ያን ገደል ተሻግሮ መውጣት ያስፈራል። ሆራ አርሰዲ ደግሞ ኢሬቻ የሚከበርበት ውሃ ነው። የሞተር ጩኸት እዚያ ምን ያደርጋል?

እኔ የምለው ቆቃ ነው። ሰፊ ነው። ከፍታው 1,600 ሜትር ገደማ ነው። የእንዲህ ያለች አውሮፕላን ጥቅሟም እዚህ ላይ ይታያል። ከአዲስ አበባ ዳር ካለ ማኮብኮቢያ በጎማ ትነሳለች፣ ቆቃ ላይ በሆዷ ታርፋለች። ቆቃም እንከን አያጣም። ጉማሬ አለ፣ እምቦጭ አለ፣ የዓሣ አስጋሪው ጀልባ አለ። ማረፊያው ተለክቶ፣ ተከልሎ፣ ጥበቃ ተመድቦለት መሆን አለበት።

ለልጁ ደጋግሜ የነገርኩት የጎማውን ነገር ነው። ጎማ ወጥቶ ውሃ ላይ ከታረፈ ውሃው ጎማውን ይይዝና አውሮፕላኗን በአፍንጫዋ ይደፋታል። ሁለተኛው አደጋ ዝቅ ብሎ መብረር ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? እ.ኤ.አ. በ2017 በዚችው ዓይነት አውሮፕላን በደረሱ ሁለት አደጋዎች ሦስት ሰው ሞቷል። አንዱ ስመ ጥሩው የቤዝቦል ተጫዋች ሮይ ሃላዴይ ነበር። ሁለቱም ጊዜ በረራው ከውሃው ብዙ ከፍ ያላለ ነበር።

"ይህ የሀብታም ጨዋታ ነው" የሚለኝ አይጠፋም። እውነት አለው። በዚያው ዓመት የተሟላችዋ አይኮን 389 ሺህ ዶላር ተብላ ነበር። አንድ ሰው ገዝቶ ጋራዥ ውስጥ እንዲያቆማት አልመኝም። ክለብ ይግዛት፤ አርባ ሃምሳ ሰው በተራ ይብረርባት፤ የአውሮፕላን መካኒክነት የሚማሩ ልጆችም ሞተሯን በእጃቸው ይፍቱ። ደግሞ ለትንሽ አውሮፕላን እንግዳ አይደለንም። "ፀሐይ" ሁለት ሰው የምትይዝ ነበረች። በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ እዚሁ ሠራት። ጣሊያን ወሰዳት፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ከስንት ዘመን በኋላ ተመለሰች። ያን ቀን ብዙ ሰው ሲያለቅስ አይቻለሁ፤ እኔም አልቅሻለሁ።

አሁን ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ ለታላቁ አዲስ ኤርፖርት ቦታ ተይዟል። የሲቪል አቪዬሽን ሰዎች ይህን ካነበቡ አንድ ነገር እለምናቸዋለሁ። የትልልቆቹ የአየር መንገድ ሲታቀድ የትንንሾቹም አብሮ ይታሰብ። ከከተማው ዳር አጭር ማኮብኮቢያ፣ ወደ ቆቃ የሚያወጣ የተወሰነ መስመር፣ ለስፖርት አብራሪ የሚሆን የፈቃድ ደረጃ። በኋላ ቦታ እንፈልግ ቢባል መሬቱ በቤት ተሞልቶ ይጠብቀናል።

የእህቴ ልጅ 16 ዓመቱ ነው። ትናንት ደወለልኝ። ሰላም እንኳን ሳይለኝ "ጋሼ፣ ለውሃ ጎማ ወደ ውስጥ፣ ለመሬት ጎማ ወደ ውጭ" አለኝ።