ማስተካከያ፦ ስለ ቮልስዋገን 1300 እና ስለ ፊያት 600ዲ ንጽጽር

ለደብረ ማርቆስ የአሮጌ መኪና ወዳጆች በቀረበው ንጽጽር ላይ ሁለቱም መኪናዎች በአየር እንደሚቀዘቅዙ ተገልጾ ነበር። በአየር የሚቀዘቅዘው ቮልሱ ብቻ ነው። ፊያት 600፣ 600ዲን ጨምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1955 ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ሞተሩ በውኃ ነው የሚቀዘቅዘው። ራዲያተሩ ከኋላ፣ ከሞተሩ ጎን ስለተቀመጠ የፊት ክዳኑን ከፍቶ የሚፈልገው ሰው ስኮርታ ጎማውን እንጂ ራዲያተር አያገኝም። በአየር የሚቀዘቅዘው ታናሹ ፊያት 500 ነው፤ መምታታቱም ከዚያ ሳይመጣ አልቀረም።

ልዩነቱ ከዓባይ ወንዝ ወደ ደጀን ሲወጣ ይታያል፤ ዳገቱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። ፊያቱ ውኃው ጎድሎ ከተገኘ ይፈላል። ቮልሱ የሚፈላ ውኃ የለውም፤ ነገር ግን ማራገቢያውንና ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ከተበጠሰ ማቀዝቀዣው ይቆማል፣ የዲናሞውም ቀይ መብራት ይበራል። ያን ጊዜ «ደጀን ልድረስና አየዋለሁ» ማለት ሞተሩን ማቃጠል ነው።

በንጽጽሩ ለቮልሱ የተሰጠው 50 የፈረስ ጉልበት በቀድሞው የአሜሪካ አለካክ፣ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ሳይገጠም የተገኘ ነው፤ በጀርመኑ መለኪያ 40 ነው። የሞተር ይዘታቸው፣ 1285 እና 767 ሲሲ፣ በትክክል ተጽፏል። በደብረ ማርቆስ ከፍታ ግን አየሩ ስለሚሳሳ ሁለቱም ከጉልበታቸው አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣሉ።