ለተከበሩ የዘይት ጠብታ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ነጠላዬን እንዲለቁ ስለመጠየቅ

በቅድሚያ ለምርጫዎ ያለኝን አድናቆት እገልጻለሁ። ጥቁር ሹራብ ለብሼ ስበላ ዘወር ብለው አያዩኝም። ጥር 11 ደርሶ ጎንደር ነጭ በነጭ ስትሆን ግን ከች ይላሉ። ታቦታቱን ከፋሲል ባሕረ ጥምቀት ሸኝተን ስንመለስ በየቤቱ «በሞቴ! አፈር ስሆን!» ነው። እምቢ አይባልም። ጉርሻው ከትሪው ተነስቶ አፌ እስኪደርስ እርስዎ መሀል መንገድ ላይ ይወርዳሉ። ማረፊያዎም አይሳሳትም፤ ጥለቱ ላይ።

ወዲያው ደግሞ ባለሙያው ይበዛል። አንዷ እትዬ በእርጥብ ጨርቅ ታሻለች፤ እርስዎም ወደ ክሩ ጠልቀው ይገባሉ። ሌላው በረኪና ይላል። በረኪና ቀለም ነው የሚያጠፋው፣ ዘይት አይነቅልም። የጥለቱ ቀለም ለቆ ይሄዳል፣ እርስዎ ይቀራሉ። ነጭ ጋዝ የሚሉም አሉ። እንደሚያሟሟዎት አልክድም። ግን ከሰል በተያያዘበት፣ ቡና በሚፈላበት ቤት ጋዝ የጠጣ ነጠላ ይዞ መዞር ጤና ነው? ሽታውስ?

ኩራትዎ ከምን እንደሆነ አውቃለሁ። ውሃ ብቻውን አይነካዎትም። ሳሙና ግን አስታራቂ ሽማግሌ ነው፤ በአንድ ጫፉ ውሃውን፣ በሌላው እርስዎን ይዞ አብራችሁ እንድትወጡ ያደርጋል። አያቶቻችን ይህን ሥራ ለእንዶድ ሰጥተውት ነበር፤ አረፋው ሳፖኒን ከሚባለው ነገር ነው የሚመጣው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች፣ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያገኙት በዚሁ አረፋ የተነሳ ነው። የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣ የጨረሰ ነገር ፊት ቆመው ነው እንግዲህ የሚንቀባረሩት።

ስለዚህ ሳንጣላ እንለያይ። መጀመሪያ በሶፍት ጫን ጫን እናደርግዎታለን፤ ማሸት የለም። ከዚያ የሕፃን ፓውደር፣ ካልተገኘ የተፈጨ ጠመኔ ይነሰነስብዎታል። ሩብ ሰዓት ያህል ይተኛብዎት፤ መጥጦዎት ሲያበቃ ይራገፋል። ቀጥሎ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ውሃ ሳይነካው፣ ደረቁ ላይ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ መጀመሪያ ይዘፈዝፍና ሳሙናው ውሃ ውስጥ ቀጥኖ እርስዎ ጋ ሳይደርስ ያልቃል። በጣት ቀስ ተደርጎ፣ ትንሽ ቆይቶ፣ በለብታ ውሃ ይለቀለቃል። ቅቤ ሆነው ከመጡማ ለብታው ግድ ነው፤ በጎንደር የጥር ብርድ ረግተው ነው የሚጠብቁን።

ኑግ ዘይት ሆነው ሲመጡ ጊዜ ይረዳዎታል። አየር ሲያገኝ እየጠነከረ የሚሄድ ዘይት ነው። «ለሚቀጥለው በዓል ይታጠባል» ተብሎ ሳጥን ከገባ ነጠላ እርስዎን ማስወጣት ፍዳ ነው።

ዋናው ወዳጅዎ ግን ካውያ ነው። ልብሱ እርጥብ ሳለ አይታዩም፤ የሄዱ ያስመስላሉ። እኛም ደስ ብሎን እንተኩሳለን። ሙቀቱ ከክሩ ጋር ያጣብቅዎታል። ከእንግዲህ ነጠላው ነፋስ ላይ ደርቆ፣ ብርሃን ላይ ተዘርግቶ ሳይታይ ካውያ አይሰካም። ካሉም ሳሙናው ይደገማል። የበርበሬዎ ቅላት ብቻ ከቀረ ነጩን ለፀሐይ ሰጥተን ጥለቱን እንሸፍናለን።

ይህ ደብዳቤ ከደረሰዎት ጀምሮ ነጠላዬን በሰላም እንዲለቁ አሳስባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ባለ ነጠላው

ግልባጭ፦
ለካውያ፦ እስኪጠራ ከቁም ሳጥን እንዳይወጣ።
«በሞቴ» ለሚሉት እትዬ፦ ጉርሻውን ትንሽ አንጠፍጥፈው እንዲያጎርሱ።