ይድረስ ለተሰወሩት የኢንተርንሺፕ ማመልከቻ ቀን

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ ናፍቆት በስተቀር በጣም ደህና ነኝ።

ናፍቆት ስል የምሬን ነው። እዚህ አሜሪካ የጥርስ ሕክምና አራተኛ ዓመት ላይ ሆነን ኦራል ሰርጀሪ (የአፍና የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና) ያማረን ልጆች እርስዎን ያልፈለግንበት ቦታ የለም። የሥልጠና ፕሮግራሞቹን ድረ ገጽ በረበርን። የጓደኛ ጓደኛ ጠየቅን። አንድ ሲኒየር «እሱ እኮ እንደ ፕሮግራሙ ነው» ብሎ ሸኘን። እንደ ፕሮግራሙ! ይቺን መልስ የሰማ ሰው ሁሉ ነገሩ የገባው መስሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ቤቱ ሲደርስ ምንም እንዳልተነገረው ይገባዋል።

ሌሎቹ ዘመዶችዎ እንደ እርስዎ አይደሉም። ፓስ የሚባለው የማመልከቻ ሲስተም በሜይ ይከፈታል። ሲቢኤስኢ እንኳ፣ ያ ለሐኪም ተማሪዎች ተሰርቶ የጥርስ ልጅን በኩላሊት ጥያቄ የሚያስለቅስ ባለ 200 ጥያቄ ፈተና፣ በዓመት ሁለቴ ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። ተማሪና ፕሮግራም በኮምፒውተር የሚጣመሩበት ማችም ለኦራል ሰርጀሪ ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ቁርጣችንን ይነግረናል። የተማሪ ብድርማ አይነሳ፤ ከተመረቅን 6 ወር ሲሞላ ከች ነው። እርስዎ ብቻ ነዎት ቀን ተብለው ቀን የሌለዎት።

ለማያውቅ አንባቢ ነገሩ እንዲህ ነው። ኦራል ሰርጀን ለመሆን ከጥርስ ትምህርት በኋላ የ4 ዓመት፣ ኤምዲ (የሐኪም ዲግሪ) ከታከለበት ደግሞ የ6 ዓመት ሬዚደንሲ፣ ማለትም የስፔሻሊቲ ሥልጠና፣ አለ። ወንበሩ ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ነው። ማች ያላደረገ ሰው ቦታ ካገኘ አንድ ዓመት ኢንተርን ይሆናል፤ ሌሊት ተረኛ ሆኖ ያድራል፣ ድንገተኛ ክፍል ወርዶ የተሰበረ መንጋጋ ያያል፣ ሰዎቹ ይለምዱታል፣ ከዚያ እንደገና ይሞክራል። ወንበር ግን ማንም ቃል አይገባለትም።

ታዲያ ማመልከቻው መቼ ይላክ?

ማች ሳይወጣ፣ ኖቬምበር ላይ እንላክ ብንል ያሳፍራል። በተዋስነው ሱፍ ኢንተርቪው ገብተን «እናንተ ጋ ሬዚደንት መሆን ሕልሜ ነው» እያልን፣ በጎን ደግሞ «ሕልሜ ካልተሳካ ለአንድ ዓመትም ቢሆን ያዙኝ» ልንል ነው፣ ያውም አንዳንዴ ለዚያው ፕሮግራም። ለትልቋ ሽማግሌ ልኮ መልሱ ሳይመጣ ስለ ታናሿ መጠየቅ በሉት።

እሺ፣ እንታገስ፣ ማች ይውጣ ብንል ደግሞ እርስዎ የሉም። እኔ የታገስኩት የአንዱን ፕሮግራም ድረ ገጽ አምኜ ነው፤ «ስለ ኢንተርንሺፕ ከማች በኋላ ይጠይቁን» ይላል። ውጤቱ በወጣ ዕለት ሲቪ፣ ትራንስክሪፕት፣ የሲቢኤስኢ ውጤትና የድጋፍ ደብዳቤዎቼን አያይዤ ላክሁ። ሻይዬ ሳይቀዘቅዝ መልስ መጣ። «ስላሰቡን እናመሰግናለን፤ ቦታዎቹ በዲሴምበር ሞልተዋል።» በዲሴምበር! ማን ሞላቸው? ያልተጠየቀ ቦታ በምን ተአምር ይሞላል? ማስታወቂያው ዛሬም እዚያው ተለጥፏል፣ ስክሪንሾቱ አለኝ።

ሌሎቹም ያው ናቸው። አንዱ በፓስ ብቻ ይቀበላል። አንዱ በኢሜይል። አንዱ ደውሉ ይላል፣ ስልኩን የሚያነሳው ግን የለም። አንዱ ጋ ደግሞ ኤክስተርን (ለልምምድ የሚመጣ እንግዳ ተማሪ) ሆኖ የከረመ ልጅ ኮሪደር ላይ በቃል ተነግሮት ወንበሩን ይዟል። (በልጁ አልፈርድም፤ እኔም ኮሪደር ላይ ብጠየቅ እምቢ አልልም።)

እናቴን ማስረዳት ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል። «ኢንተርን? እሱ እኮ እኛ ሀገር ሳይመረቁ ነው። አንተ ተመርቀህ ወደ ኋላ ነው እንዴ የምትሄደው?» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ ኢትዮጵያ የሕክምና ተማሪ ኢንተርንነቱን ጨርሶ ነው የሚመረቀው። ለዕድሩ ሁሉ «ልጄ ዶክተር ሆነ» ብላ አውርታ ጨርሳለች፣ አሁን ምን ብላ ታስተባብል?

ቦታው ተገኘ እንበል። ከስቴቱ ቦርድ የሥልጠና ፈቃድ፣ የኤሲኤልኤስ (የልብ ድንገተኛ ሕክምና ሥልጠና) ካርድ፣ የክትባት ወረቀት፣ ቤት መቀየር፣ ሁሉም እስከ ሰመር። ጁላይ አካባቢ ሥራ እንጀምራለን። የሚቀጥለው ዙር ፓስ ግን ከሜይ ጀምሮ ተከፍቷል፣ ብዙ ፕሮግራሞችም ሴፕቴምበርና ኦክቶበር አካባቢ ይዘጋሉ። ስለዚህ የሆስፒታሉ ሊፍት የት እንዳለ በቅጡ ሳናውቅ፣ ስማችንን መጥራት ያልለመዱትን ዳይሬክተር «ጠንከር ያለ ደብዳቤ ይጻፉልኝ» ብለን እንለምናለን። ምን ብለው ይጻፉ? «ይህ ወጣት ባጁን በሰዓቱ ወስዷል»? የዓመቱን ሌሊት ሁሉ ቆመን ስናድር ማመልከቻው ላይ የሚገባው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወሬ ብቻ ነው። ይህን ያቀደ ሰው ካለ እጁን ልጨብጠው እፈልጋለሁ፤ ጠበቅ አድርጌ።

እኔ ከእንግዲህ ሀፍረት የለኝም፣ ለታናናሾቼም ይህንኑ እነግራቸዋለሁ። ኢንተርቪው እየሄዳችሁም ቢሆን በኖቬምበር ለፕሮግራሞቹ ኮኦርዲኔተሮች ጻፉ፣ መቼ እንደሚቀበሉ በግልጽ ጠይቁ። የሚታዘባችሁ የለም። ወንበሩ ለሁሉ እንደማይበቃ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ ማን አለ?

እርስዎንም ብዙ አላስቸግርም። አንድ ቀን ይሁኑ፣ የትኛውም ቀን። ማክሰኞም ቢሆኑ ቅር አይለኝም።

ከታላቅ አክብሮት ጋር

ግልባጭ፦
ኢሜይሌን ከፍተው ላልመለሱ ኮኦርዲኔተሮች በሙሉ
ሱፉን ላዋሰኝ ጓደኛዬ (እስከሚቀጥለው ዙር ይታገሰኝ ዘንድ)