ማስተካከያ፦ ተጠየቀ እንጂ አልጸደቀም

ሰሞኑን ጎንደር ውስጥ የምንቀባበለው ፖስት፣ አንድ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ስለ ባህል ፖሊሲ፣ ስለ ፋሲል ግቢ ጥገናና ስለ ከተማችን ውሃ ያነሷቸውን ጥያቄዎች «ጸደቀ» ይላል። አልጸደቀም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 መሠረት ምክር ቤቱ የፌደራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ ይጠይቃል፤ በመጠየቅ ብቻ ግን ብር አይለቀቅም።

ፖስቱ ፋሲል ግቢ ዩኔስኮ ላይ የተመዘገበው በ2019 እ.ኤ.አ. ነውም ይላል። የዩኔስኮ መዝገብ የሚለው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። በ2019 የገባው ጥምቀት ነው፣ ያውም በማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር። ጥምቀት የሚከበርበት የፋሲል መዋኛ ግን ከ1979ኙ ምዝገባ ጋር ነው፤ ያምታታው ይሄ ይሆናል።

እና ጀሪካን ደርድራችሁ ወረፋ የምትጠብቁ፣ «ውሃው ተፈቅዷል» ብላችሁ አቤቱታችሁን እንዳታቆሙ። ፖስቱን ያጋራችሁም ይህንን አያይዙበት።