እቴጌ ጣይቱ በሮበን ደሴት

ባለፈው ሐሙስ ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በር ላይ አንድ ሰዓት ከሩብ ቆምኩ። መብራት ነበረ፣ ወረቀት ነበረ፣ ቀለምም ነበረ፤ የጠፋው የእኔ ተራ ብቻ ነው። ከፊቴ የተኮለኮሉት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ፣ ለመናገር ክሂል ተብሎ፣ ስለ “ተጽዕኖ ፈጣሪ ታሪካዊ ሰዎች” በቡድን ገለጻ አቅርበው ጨርሰዋል። የቀራቸው እያንዳንዳቸው “ከገለጻው ምን ተማርኩ?” የሚል ሦስት ገጽ ጽፈው ማስረከብ ነው። እነሱ ሪፍሌክሽን ይሉታል። ቤታችሁ ተማሪ ካለ ስለ ምን እንደማወራ ታውቃላችሁ፤ ባይኖርም የጎረቤት ልጅ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ በር አንኳኩቶ “ጋሼ፣ ማንዴላ የሞቱት መቼ ነው?” ብሏችሁ ያውቃል።

እንደ እናንተው በዚህ ነገር ስበሳጭ የኖርኩ ሰው ነኝ። በዚያች አንድ ሰዓት ከሩብ ውስጥ ግን በልጆቹ ትከሻ ላይ እያሾለቅሁ ሰባት ስምንቱን አነበብኩና ልቤ ተመለሰ። ይህ ጽሑፍ ሽልማት እንጂ ወቀሳ አይገባውም።

እስቲ አስቡት። ሃምሳ ሁለት ተማሪ የተለያየ ቤት አድጎ፣ የተለያየ ቁርስ በልቶ፣ አንድ ክፍል ገብቶ አንድ ዓይነት ነገር ይማራል። ሁሉም “በመጀመሪያ ይህን ዕድል ለሰጡን መምህራችን ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን አቀርባለሁ” ይላል። ሁሉም የነበረበትን ፍርሃት አሸንፎ በራስ የመተማመን ስሜቱን አዳብሯል። ሁሉም ሁለተኛው ገጽ ላይ “ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” ይላል፤ አንበሳው እስካሁን አለመታነቁ ይገርማል። ሁሉም “በአጠቃላይ ብዙ ነገር ተምሬያለሁ” ብሎ ይዘጋል። ምን ተማርክ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ብዙ ነው ተባላችሁ እኮ! ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በግ ታርዶ ያልተገኘ የሐሳብ አንድነት እነዚህ ልጆች ከአንድ ፍላሽ ላይ አውርደውታል።

ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ያቀረበው ቡድን አባል የጻፈውን ሳነብማ እንባዬ ሊመጣ ነበር። ንጉሡ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ከጋፋት እስከ መቅደላ አስጎትተዋል፤ መንገዱ ሲጠረግም ራሳቸው ድንጋይ አንሥተዋል። ልጁ ከዚህ “ጽናትን ተምሬያለሁ” ይላል። ጓደኛው አጠገቤ ሆኖ እንዳጫወተኝ፣ ይኸው ቡድን ፕሮጀክተሩን ከመምህራን ክፍል እስከ መማሪያ ክፍል ማን ይሸከም በሚለው ሁለት ቀን ሲከራከር ሰንብቶ በመጨረሻ ያለ ፕሮጀክተር አቅርቧል።

የቡድን መንፈሱን በደንብ ለመረዳት ግን ጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል መውረድ ነው። አጥማጁ ጀልባውን ያስጠጋል፤ አንዱ የቆሮሶውን ቅርፊት ይፍቃል፣ አንዱ ይበልታል። አጠገባቸው አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ ቆመዋል። መላጣቸውን ደፍተው፣ ጥቁር ካፖርታቸውን ደርበው፣ እጁን ወደ ኋላ እንዳጣመረ ርእሰ መምህር ቀጥ ብለው። መረብ አልጣሉም፣ ቢላዋ አልያዙም። የዓሣው ሆድ ዕቃ ሲወረወር ግን ሁሉም የቡድኑ አባል ናቸው። ክፍል ውስጥም እንዲሁ ነው፤ አንዷ ታነባለች፣ ትጽፋለች፣ ታስተካክላለች። በገለጻው ዕለት አራቱ ከረባት ተውሰው ከሰሌዳው ፊት ይሰለፋሉ። አንዱ “የማቀርበው መግቢያውን ነው” ብሎ ስሙን ተናግሮ ይቀመጣል። አንዱ “ጥያቄ ያለው?” የሚለውን ከባድ ክፍል ይወስዳል። አንዱ የሽፋኑን ቀለም መርጧል። አራተኛው ቆሟል፤ መቆምም ቀላል አይደለም። አባ ኮዳም ጻፍ ቢባል “ከዓሣ ማጥመዱ የቡድን ሥራን ጥቅም በሚገባ ተረድቻለሁ” ማለቱ አይቀርም።

ከሁሉ ያስደሰተኝ የአንድ ረዥም ልጅ ሥራ ነው። ቡድኑ ያቀረበው ስለ እቴጌ ጣይቱ ብጡል ነው። ቤቱ ኮምፒውተር ውስጥ የተቀመጠው ግን የዓምና ተማሪዎች የተዉት የማንዴላ ነው። ልጁ አልተጨነቀም። “እህቴ፣ ማንዴላ የሚለውን በሙሉ ጣይቱ አድርጊልኝ” አላት ጸሐፊዋን። አንዴ ቁልፉን ነካች፤ አርባ ሦስት ቦታ ተቀየረ።

እንግዲህ አብረን እናንብብ። እቴጌ ጣይቱ አፓርታይድን በመታገላቸው 27 ዓመት ታሰሩ። ከዚህ ውስጥ 18ቱን ዓመት በሮበን ደሴት፣ ፀሐይ ላይ፣ የኖራ ድንጋይ ሲፈልጡ አሳለፉ። ከመታሰራቸው አስቀድሞ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥተው ኮልፌ ላይ ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል። ስሟን ራሳቸው ባወጡላት ከተማ፣ አድዋ ዘምተው በተመለሱ በ66 ዓመታቸው፣ እንደ አዲስ ምልምል ተኩስ ተማሩ፤ ትሕትና ከዚህ በላይ የለም። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ከእስር ተፈቱ። በ1986 ዓ.ም. የኖቤልን የሰላም ሽልማት ከዴ ክለርክ ጋር ተካፍለው፣ በዚያው ዓመት የደቡብ አፍሪካ የመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1987 ዓ.ም. ደግሞ እቴጌይቱ 6 ቁጥር የራግቢ ማሊያ ለብሰው፣ ኮፍያ ደፍተው፣ ሜዳ ወርደው ለአምበሉ ዋንጫ አስረከቡ። እኔ ይህን ሥዕል ከዓይኔ ማጥፋት አልቻልኩም። ሹሩባቸው በኮፍያው ሥር እንዴት እንደሚሆን እያሰብኩ ነው ያደርኩት።

ይህ ሁሉ ሲሆን ዓረፍተ ነገሩ ለምን እንዳልተንገዳገደ ታውቃላችሁ? አንቱታ ነው ያዳነው። አማርኛችን ትልቅ ሰው ሲያከብር ሴትነቱንም ወንድነቱንም በጋቢ ይሸፍነዋል፤ ታሰሩ፣ ተፈቱ፣ ተመረጡ ካላችሁ በኋላ ሰውዬው ይሁኑ ሴትዮዋ ማን ያውቃል? በሌላ ቋንቋ ቢጻፍ ኖሮ ልጁ ሁለተኛው መስመር ላይ ይያዝ ነበር። “ባለቤታቸው ዊኒ” የሚለው እንኳ ያለ አንዳች እንከን አለፈ፤ ባለቤት ባልም ነው፣ ሚስትም ነው። ለዐፄ ምኒልክ ማን እንደሚነግራቸው እንጃ። የተሰናከለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ “ጣይቱ የአዲሲቱ ደቡብ አፍሪካ አባት ናቸው” ይላል። ጸሐፊዋ ቀና ብላ “አባት ይሁን?” አለችው። ልጁ አገጩን ይዞ አሰበ። “እናት አድርጊው” አላት። ያቺ ሦስት ገጽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የታሰበባት ቦታ ይህቺው ናት።

ደግሞ ልጁን እንዳትንቁት። እቴጌ ጣይቱ ያረፉት በየካቲት 1910 ዓ.ም. ነው። ማንዴላ የተወለዱት በሐምሌ 1910 ዓ.ም. ነው። መሐሉ አምስት ወር! እንጦጦ ላይ ያረፈች ነፍስ አምስት ወር ደክሟት ተኝታ፣ ትራንስካይ ውስጥ ምቬዞ የምትባል መንደር ብትነቃ ማን ሊከለክላት ነው? ፈረንጅና ሐበሻ የታሪክ ሊቅ ስንት ዓመት ብራና ሲያገላብጥ ያላየውን ይህ ልጅ በአንድ ቁልፍ ገለጠው። ልነግረው አፌን ከፍቼ ተውኩት። አራተኛ ገጽ ይጽፍበታል፣ የተባለው ሦስት ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቆጨኝ። እቴጌይቱ በእርግጥም ታግደው ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ከቤተ መንግሥት ወጥተው፣ እስከ ሞታቸው እንጦጦ ማርያም አጠገብ ተቀመጡ። ከዚያ ተራራ ላይ ሆነው የቆረቆሯትን ከተማ ቁልቁል ያዩ ነበር። እስር ያስፈለገው ሰው ሮበን ደሴት ድረስ ባሕር መሻገር አልነበረበትም።

በዚህ መሐል የቡድኑ አምስተኛ አባል መጣች። ያቺ የምታነበዋ መሆኗ ነው። ከደብተር የተገነጠለ ግማሽ ገጽ ይዛለች፣ በእስክሪብቶ የተጻፈ፣ ጠርዙ በላብ የረጠበ። እንደ ልማዴ አሾለቅሁ። በጥር 1888 ዓ.ም. ጣልያኖች መቀሌ እንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ ሳሉ ምንጩን ያስያዙት ጣይቱ እንደሆኑ ጻፈች። ከዚያ ቀጥላ፣ እነሱ ሰፈር ቧንቧው ሲደርቅ ጄሪካን ይዛ የምትዞረው እሷ መሆኗን፣ ወንድሞቿ ውኃው ከየት እንደሚመጣ እንኳ እንደማያውቁ፣ ስለዚህ ከዚያ ሁሉ ራስና ደጃዝማች መካከል ውኃውን ያሰቡት ሴትዮዋ መሆናቸው እንዳልገረማት ጻፈች። በቃ፤ ሌላ የለውም። ምስጋና የለውም፣ ድርም አንበሳም የለውም።

ረዥሙ ልጅ አነበበውና “ይህ ሪፍሌክሽን አይደለም” አላት። “ሦስት ገጽ ነው የተባለው። የቡድን መንፈስም የለበትም።” ጸሐፊዋ አዝናላት “ከፈለግሽ የተዘጋጀው ላይ ስምሽን ልቀይርልሽ” አለቻት። ልጅቷ ወረቀቷን አራት ላይ አጠፈችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። “እሺ” አለች።

እዚህ ላይ ቀልድ አልመጣልኝም። ትከሻዋን ያጎበጠውን ጄሪካን ከመቀሌው ምንጭ ጋር በራሷ ጭንቅላት ያገናኘች የ17 ዓመት ልጅ፣ ገጹ አይሞላም ተብላ ሐሳቧን አጥፋ ስትሄድ ረዥሙን ልጅ ምን ብዬ ልውቀሰው? ሦስት ገጽ ጻፉ ያለው እሱ ነው? ገጽ ቆጥሮ፣ ሽፋን አይቶ፣ ከአሥር ዘጠኝ የሚያድል መምህር ነው እንጂ! ዓምና አንዱን የማንዴላ ጽሑፍ ከስንት እጅ እንደተቀበለ ሳይነቃ የከረመ። አያነብም። ልጆቹም እንደማያነብ ያውቃሉ። ማወቃቸውንም ያውቃል። አንብቦ “ጣይቱን ማን አሰራቸው?” ብሎ አንድ ቀን፣ አንድ ልጅ ቢጠይቅ እኮ ይህ ሁሉ ሰልፍ በማግስቱ ይበተን ነበር።

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ጥበቡ ከትምህርት ቤት ጋር የሚቀር መስሏችሁ እንዳትሰጉ። ሐዋሳ የስብሰባ ከተማ ናት፤ ዓርብ ከሰዓት ከሐይቁ ዳር ሆቴሎች ወደ አንዱ አዳራሽ ብቅ በሉ። የሠልጣኞች ተወካይ ማይክሮፎን ይዞ “ሰፊ ግንዛቤ ጨብጠናል፤ ስንመለስ ወደ ታች እናወርደዋለን” ሲል ትሰማላችሁ። ሁለቱን ቀን ፍቅር ሐይቅ ዳር የዓሣ ሾርባ ሲጠጣ ያየሁት ሰው ነው። የሚያወርደው ሾርባውን ከሆነ እውነቱን ነው።

በመጨረሻ ተራዬ ደረሰ። ፍላሼን ሰጠኋት። መሥሪያ ቤቴ ለልምድ ልውውጥ ልኮኝ የተመለስኩበት ሪፖርት ነው፣ ስምንት ገጽ፣ ሁለት ሌሊት የደከምኩበት። ከፈተችው፤ “በመጀመሪያ ይህን ዕድል ለሰጠን” የሚለው ላይ ዓይኗ ቆመ። ወደ መጨረሻው ገጽ ወርዳ አየች፤ ከዚያ ወደ እኔ።

“ጋሼ፣ ይህ እኮ እኛ ዘንድ አለ” አለችኝ። “ምነው ስም ብቻ ይዘው ቢመጡ?”