«ላልሰሙ ወላጆች አስተላልፉ»

ዛሬም ቤተሰብ ግሩፓችን ላይ መልእክት ገባ። «አስቸኳይ! ልጆቻችሁን አድኑ!» ከሥሩ ያቺ ዓይኗ የፈጠጠ፣ አፏ እስከ ጆሮዋ የተቀደደ ሴት። ሞሞ። እንደገና!

ኧረ በፈጠራችሁ! ይቺ እኮ እ.ኤ.አ. በ2016 ቶኪዮ ውስጥ ለዕይታ የቀረበች ቅርጽ ናት። የሠራት ጃፓናዊ አርቲስት ራሱ በ2018 በስብሳ ስትበላሽበት ጥሏታል። «ቪዲዮ ላይ ብቅ ብላ ልጆች ራሳቸውን እንዲጎዱ ታዛለች» የሚለው ወሬ በ2019 ዓለምን ሲያምስ፣ ዩቲዩብ እንዲህ ዓይነት ቪዲዮ ስለመሰራጨቱ ማስረጃ አላየሁም ብሏል። ማን ይስማ?

በዚያው ዓመት ደግሞ «ሞባይል ወጣቶች የራስ ቅል ላይ ቀንድ አበቀለ» ተባለ። ቀንድ! ወሬው የተነሣበት ጥናት እኮ የራጅ ምስል ነው ያየው። ሰዎቹ ስልክ ምን ያህል እንደሚጠቀሙ ጭራሽ አልለካም።

ይህን ሁሉ ቁጭ ብዬ ጽፌ ለአክስቴ ላክሁላት። መልሷ? «ልጄ፣ ለጥንቃቄ ብዬ ነው። ምን ይጎዳል?»

ይጎዳል እንጂ! ስለ ሞሞ ሰምቶ የማያውቅ ልጅ በእኛ ማስጠንቀቂያ ሰምቶ እንቅልፍ ያጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉ ልጆች ስክሪን በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ ብሎ ነበር። ይህንን ግን ፎርዋርድ ያደረገልኝ አንድም ሰው የለም። አያስደነግጥማ!

አክስቴ አሁን ሌላ ቪዲዮ ልካለች። ገና አልከፈትኩትም።